ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚሰጠው የምርምር ዘዴ ማሸጋገሪያ ኮርስ፤ ሒሳዊ ምልከታ

መግቢያ

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚሰጡ ተቋማትም ሆኑ ትምህርቱን የሚከታተሉ ተማሪዎች ቁጥራቸው እጅግ ጨምሯል። ተማሪው ጥቂት በነበረበት ዘመን የምርምር ሥራ የሚለመደው በአመዛኙ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ብዙው ተማሪ ዓመታትን በማስተማር ሥራ ላይ አሳልፎ፣ ቤተሰብ መሥርቶ፣ የሥራ ገበታውን ሳይለቅ በክረምት ወይም በቅዳሜና እሑድ የሚማር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲያገኝ ስለ ምርምር ዘዴ የተማረው ጥቂት ነበር፤ ያንኑም ጊዜ አደብዝዞታል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከታሰቡት መንገዶች አንዱ ዋናው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በኢንተርኔት የሚሰጥ የምርምር ዘዴ ማሸጋገሪያ ኮርስ ነው። ሐሳቡ ተገቢ ነው። ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ የሁለተኛ ዲግሪ አመልካቾች አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና እንዲወስዱ መደረጉ ራሱ፣ የዝግጅት ጉዳይ ምን ያህል አሳሳቢ እንደ ሆነ ያመለክታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ነው። በሥራው ምክንያት እንዲህ ያለ አንድ ኮርስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትሎ ለመመርመርና ኮርሱን ከሚወስዱ ባልደረቦቹ ጋር ለመወያየት ዕድል አግኝቷል። የአዘጋጁን ተቋም ስም መጥቀስ ለጉዳዩ የሚጨምረው ነገር የለም። ዓላማው ኮርሱን ማጣጣል ሳይሆን፣ ተማሪው ወደ ምርምር ዓለም ሲሻገር ይዞት የመጣው ጥያቄ ከመንገድ ላይ የሚጠፋበትን ምክንያት ለማሳየትና ለመፍትሔው የሚረዳ ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

የኮርሱ ይዘትና ደግ ጎኖቹ

ኮርሱ በየክፍሉ የተደራጀ ነው። በመጀመሪያ የምርምርን ትርጉምና ዓይነቶች ያስተዋውቃል፤ ቀጥሎ ችግርን ስለ መግለጽ፣ የተዛማጅ ጽሑፎችን ስለ መቃኘት፣ ስለ ምርምር ንድፍ፣ ስለ ናሙና አወሳሰድ፣ ስለ መጠይቅ ዝግጅት፣ በመጨረሻም ስለ ስታትስቲክስ ትንተና ያስተምራል። በየክፍሉ የቪዲዮ ገለጻና አጭር ንባብ አለ፤ መጨረሻው ላይም ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያርመው የምርጫ ጥያቄ ይቀርባል። ተማሪው ሁሉንም ሲያጠናቅቅ የምስክር ወረቀት ያገኛል።

በዚህ አቀራረብ ውስጥ የሚመሰገን ነገር መኖሩን አለመካድ ተገቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» በምንለው፣ መሰጠት የጀመረውን ትምህርት ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይገነዘባል። የፕላዝማው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር ማስቆም አይቻልም፤ የክፍሉ መምህርም ተማሪው የጠየቀውን ለማብራራት አፉን ሳይከፍት ሥዕሉ ወደ ሌላ ርእስ ይሸጋገራል። የኢንተርኔቱ ኮርስ ግን ይቆማል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። የሁለት ልጆች እናት የሆነች መምህርት ልጆቿን ካስተኛች በኋላ አንዱን ገለጻ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ልታየው ትችላለች። ከዋና ከተማ ርቆ የሚኖር መምህርም የደመወዙን ሲሶ ለመጓጓዣና ለማረፊያ ሳያወጣ ትምህርቱን ያገኛል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሆኖም ተማሪው ገለጻውን አስቁሞ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ፕላዝማው የማይቆም ነበር፤ ይህኛው ግን ቢቆምም የሚጠየቅ ሰው የለም። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ጉድለቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ጥያቄው እንዴት እንደሚጠፋ

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። በኮሌጃችን የንባብና የጽሕፈት ማስተማሪያ ዘዴ የሚያስተምሩ አንዲት ባልደረባዬ የትምህርት ቤት ልምምድ ላይ የተሰማሩ ሠልጣኞችን ለመጎብኘት ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጊዜው ይሄዳሉ። በጉብኝታቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» ጀምረው በዜማ ሲወርዱት አንድም አይሳሳቱም። ነገር ግን መምህርቷ ከመካከል አንዱን ፊደል ለይተው «ይህ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ከ«ሀ» ተነሥተው በሹክሹክታ እየቆጠሩ እስከዚያ ፊደል ድረስ ይደርሳሉ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ተዘርግተው 231 ይሆናሉ፤ ልጆቹ የያዙት የገበታውን ዜማ ነው ወይስ ፊደሉን? የትኛውስ ልጅ ከዜማው ወደ ፊደሉ ተሻገረ? ከተሻገረስ ምን ረድቶት? ባልደረባዬ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲመዘገቡ በልባቸው የያዙት ጥያቄ ይህ ነበር።

ጥያቄው ትንሽ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ከዚህ አኃዝ በስተጀርባ ያለውን ምክንያት በክፍል ውስጥ ልጆችን በቅርብ እየሰማ የሚያጠና ሰው ያስፈልገናል። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ከኮሌጅ መምህራን የተሻለ ከየት ይገኛል?

ባልደረባዬ ኮርሱን በትጋት ጨረሱ። በመጨረሻ ያዘጋጁትን የጥናት ሐሳብ ሲያሳዩኝ ግን ርእሱ «በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የንባብ ክሂል የሚወስኑ ምክንያቶች ግምገማ» የሚል ሆኖ አገኘሁት። የጥናቱ ንድፍ «ገላጭ ዳሰሳ» ነው። መረጃው የሚሰበሰበው ለመምህራን በሚበተን መጠይቅ ነው። መጠይቁም «የመማሪያ መጻሕፍት በበቂ ሁኔታ ይገኛሉ»፣ «ወላጆች ልጆቻቸውን በንባብ ይረዳሉ» እያለ መምህሩ ምን ያህል እንደሚስማማ ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ልጅ አንድም ፊደል ሲያነብ የሚሰማው ሰው የለም።

«ያ የፊደሉ ጥያቄ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እሱማ ምርምር መሆኑን በምን አውቃለሁ? በኮርሱ ውስጥ የሚመስለው ነገር አላየሁም» አሉኝ።

ይህ መልስ የሒሱ ሁሉ መነሻ ነው። ኮርሱ «ጥያቄያችሁን ጣሉ» አላለም። ነገር ግን ያቀረበው ምሳሌ ሁሉ በአንድ ቅርጽ የተሠራ በመሆኑ፣ ከዚያ ቅርጽ ውጭ የሆነ ጥያቄ ሁሉ ምርምር ያልሆነ መስሎ እንዲታይ አድርጓል። ተማሪዋ ከሥራ ልምዳቸው የተገኘውን፣ ሌላ ሰው በቀላሉ ሊያየው የማይችለውን ጥያቄ ትተው ማንም በየትኛውም ወረዳ ሊጠይቀው የሚችለውን ያዙ። ማሸጋገሪያው ሰውየውን አሻግሮ ጓዙን ወዲያ ማዶ አስቀረው ማለት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ የኮሌጅ መምህራን ለምርምር ፍጹም እንግዶች አለመሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተካሄደው የመምህራን ትምህርት ለውጥ የትምህርት ቤት ልምምድና የተግባር ምርምር በሥልጠናው ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። ለከፍተኛ ትምህርት መምህራን በተዘጋጀው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራምም የተግባር ምርምር ተካትቷል። ኮርሱ ግን ተማሪው ከዚህ ቀደም ስላደረገው አንዲትም ነገር ሳይጠይቅ «ምርምር ማለት» ብሎ ይጀምራል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሁለቱንም ዳርቻ መለካት አለበት፤ እዚህ የተለካው የወዲያኛው ዳርቻ ብቻ ነው።

ስለ ናሙና

የናሙና አወሳሰድ ክፍል ተማሪዎች በጣም የሚወዱት ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ቀመር ይሰጣል። በተለይ ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመው መጽሐፉ ያቀረበው ቀላል ቀመር በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ጸሎት መክፈቻ የሚደገም ሆኗል። ቀመሩ የሚለው፣ የጥናቱን ጠቅላላ ሕዝብ ቁጥር በስሕተት መጠኑ ካሬ አባዛ፤ በውጤቱ ላይ አንድ ደምር፤ ከዚያም ጠቅላላውን ቁጥር ለዚህ አካፍል ነው። የስሕተቱ መጠንም ያለ ምንም ምርመራ 5 በመቶ ይደረጋል።

ባልደረባዬ በመረጧቸው ትምህርት ቤቶች ያሉት መምህራን 60 ናቸው። 60 በ0.0025 ሲባዛ 0.15 ይሆናል፤ አንድ ሲደመርበት 1.15፤ 60 ለዚህ ሲካፈል 52 ገደማ። ክሬጅሲና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ሠንጠረዥ ላይ ቢመለከቱም የሚያገኙት ያንኑ 52 ነው። ስለዚህ 52 መምህራን በዕጣ ተመርጠው ስምንቱ ሊተዉ ነው። ለምን? ስምንቱን መምህራን መጠየቅ የሚፈጀው የግማሽ ቀን ጊዜ ነው፤ ሁሉም ከተጠየቁ ደግሞ የናሙና ስሕተት የሚባለው ነገር ጨርሶ አይኖርም። ቀመሩ ስድሳ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ስምንቱን አስወጥቶ ስለ እነርሱ ለመገመት ሲውል፣ መሣሪያው ባለቤቱን መግዛት ጀመረ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ፣ ቀመሩ ከየት እንደ መጣ ኮርሱ አይገልጽም። ቀመሩ የሚሠራው ስለ አንድ ድርሻ፣ ማለትም «ከመቶው ስንቱ» ለሚል ጥያቄ ነው። የሕዝቡ አስተያየት እኩል ለሁለት ተከፍሏል ብሎ ያስባል፤ ናሙናው በቀላል ዕጣ የተወሰደ መሆኑን ይወስዳል፤ የእምነት ደረጃውንም ወደ 95 በመቶ ያደርጋል። በ5 በመቶ ስሕተት ሕዝቡ ሚሊዮን ቢሆን እንኳ መልሱ ከ400 አይበልጥም። ይህን የተረዳ ተማሪ ቀመሩ ለእርሱ ጥያቄ ይስማማ እንደ ሆነ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። ያልተረዳው ግን ለቃለ መጠይቅም፣ ለክፍል ምልከታም፣ ለማወዳደሪያ ጥናትም ያንኑ ቀመር ያመጣል። ባልደረባዬ ለፊደሉ ጥያቄ የሚያስፈልጋቸው በአንድ ክፍል ያሉ አርባ ያህል ልጆችን አንድ በአንድ ከገበታው ቅደም ተከተል ውጭ እያስነበቡ ማዳመጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ ሁሉም በ80 ደቂቃ ያልቃል።

ስለ መጠይቅና ስለ ይሉኝታ

ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያቀረበው የአመለካከት መለኪያ፣ ማለትም ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚዘረጋው፣ የኮርሱ ዋና የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ነው። ቀጥሎም ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው የአልፋ መለኪያ ይመጣል፤ አልፋው 0.70 ከደረሰ መጠይቁ «አስተማማኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተዘንግተዋል። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይረቀቃል፤ ከዚያም ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአገር ቋንቋ ይተረጎማል፤ መልሱ ተሰብስቦ ሪፖርቱ እንደገና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በዚህ ደርሶ መልስ ጉዞ ስንት ትርጉም መንገድ ላይ እንደሚቀር የሚመረምር ክፍል በኮርሱ የለም። «ተነሣሽነት» የሚለውን ቃል አንዱ መምህር የልጁ ፍላጎት፣ ሌላው ትጋቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጨዋነቱ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። መጠይቁ ከመበተኑ በፊት ለአምስት መምህራን ተነብቦ «ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ስሕተት ይታረም ነበር።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ከኮሌጅ የመጣች፣ ነገ ደግሞ ሠልጣኞችን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ የምትመለስ መምህርት «የመማሪያ መርጃ መሣሪያዎችን አዘውትሬ እጠቀማለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብታቀርብ «በጣም አልስማማም» ብሎ የሚያከብብ መምህር ስንት ነው? መምህሩ ዋሽቷል አንልም፤ እንግዳን አክብሯል፣ ርእሰ መምህሩን ፈርቷል፣ የትምህርት ቤቱን ስም ጠብቋል። አልፋው ይህን አይነግረንም። እርሱ የሚለካው መልሶቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን እንጂ ከእውነቱ ጋር መስማማታቸውን አይደለም። ሁሉም እንደየይሉኝታው መጠን ሳያወላውል ቢመልስ አልፋው ከ0.70 በላይ ሊሆን ይችላል። ስለ ይሉኝታ በውጭ አገር የተጻፈ የምርምር ዘዴ መጽሐፍ በዚህ ስሙ አይጽፍልንም፤ እኛ ካልጻፍነው በቀር ተማሪዎቻችን እንደሌለ አድርገው ይቀጥላሉ።

ስለ ምዘናው

በየክፍሉ መጨረሻ የሚቀርቡት ጥያቄዎች «ከሚከተሉት ውስጥ የዕድል ናሙና የሆነው የትኛው ነው?» የሚሉ ዓይነት ናቸው። ተማሪው አንዱን ይመርጣል፤ ኮምፒዩተሩ «ትክክል» ይላል። ተሳስቶም ከሆነ እንደገና ይሞክራል። መልሶቹ በቴሌግራም ቡድኖች ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሚዘዋወሩ ደግሞ የማያውቅ የለም።

እንዲህ ያለው ምዘና ተማሪው የስሞቹን ዝርዝር መያዙን ያረጋግጣል። ነገር ግን ስሙ በተለመደው ቦታ ሳይሆን በራሱ ሥራ መካከል ሲመጣ ተማሪው ያውቀው እንደ ሆነ አይነግረንም። የባልደረባዬ ልጆች ገበታውን በዜማ ሲወርዱት አንድም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት ፊደሉ ከቦታው ወጥቶ ሲቀርብላቸው ነው። ኮርሱም ለአዋቂዎች የሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዘመናችን ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። የጥናት ሐሳብ ቅርጽ፣ ማለትም መግቢያው፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማውና ወሰኑ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተጽፎ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ቅርጹን ማሟላት ለዕውቀት ምስክር መሆኑ አብቅቷል። ማሽኑ ሊጽፈው የማይችለው በዚያ ክፍል ውስጥ በዚያ ቀን የታየውን ነው። ያንን የሚጠይቅ ምዘና ግን በኮርሱ ውስጥ አላገኘሁም።

ቀደም ሲል ብዙ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በርቀት ትምህርት ከሠርቲፊኬት ወደ ዲፕሎማ አድገዋል። ያ ትምህርት ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ሞጁሉ ይዘገያል፣ ወረቀቱም አንዳንዴ መንገድ ላይ ይጠፋል። ሆኖም መምህሩ በእጁ የጻፈውን የቤት ሥራ አንድ አስጠኚ አንብቦ፣ በኅዳጉ ላይ አስተያየቱን ጽፎ ይመልስለት ነበር። በብዙ ነገር ኋላ ቀር በሆነው በዚያ ዘዴ ውስጥ የነበረው የሰው ዓይን በአዲሱ ውስጥ መታጣቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ስለ መሣሪያና ስለ መስመር

ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ስለሚነሣ እዚህ ላይ ባጭሩ እናልፈዋለን። አብዛኛው ተማሪ ኮርሱን የሚከታተለው በኮምፒዩተር ሳይሆን በእጅ ስልኩ፣ በራሱ ገንዘብ በሚገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። የቪዲዮው ገለጻ ጥቅሉን በፍጥነት ይጨርሰዋል፤ የጽሑፍ ቅጂው ግን ከቪዲዮው ጋር አልተያያዘም። መብራትም ሆነ መስመር የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ኮርሱ ግን በቀጠሮው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ በራሱ ይዘጋል፤ ለምን ዘገየህ ብሎ የሚጠይቅና ምክንያቱን የሚሰማ ሰው አላዘጋጀም። በዚህ ሳቢያ የሚወድቀው ሰነፉ ሳይሆን ሩቅ ያለው ነው፤ ኮርሱ የተዘጋጀው ግን ለእርሱ ነበር።

ከሌላ አገር ልምድ

የማሸጋገሪያ ትምህርት ሐሳብ በእኛ የተጀመረ አይደለም። በኔዘርላንድስ ከሙያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የማሸጋገሪያ ትምህርት እንዲወስድ ይጠየቃል። የዚህም ትልቁ ክፍል የምርምር ዘዴ፣ ስታትስቲክስና የአካዳሚክ ጽሕፈት ነው። መጠኑ በብዙ ቦታ ከ30 እስከ 60 የአውሮፓ የትምህርት ነጥብ ይደርሳል፤ 60 ነጥብ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት ነው።

ይህን የምንጠቅሰው እንደዚያ እናድርግ ለማለት አይደለም፤ አቅማችንም ሁኔታችንም የተለየ ነው። ልንማርበት የሚገባው ግን የተግባር ሙያ ያለውን ሰው ወደ ምርምር ማሸጋገር በጥቂት ሳምንታት ቪዲዮ የሚያልቅ ሥራ ተደርጎ አለመቆጠሩ ነው። ጊዜው አጭር ከሆነ ደግሞ በዚያ አጭር ጊዜ የሚሠራውን መምረጥ ግድ ይላል።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

የኮርሱ አዘጋጆች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ንቆ የሚታለፍ አይደለም። «ተማሪው ብዙ ነው፤ አማካሪው ጥቂት ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ጽሑፍ ማንበብ አይቻልም። ቢያንስ ሁሉም አንድ ዓይነት መሠረት ይኑረው። ቅርጹን ሳያውቅ ወደ ጥያቄው ቢሄድ የባሰ ይጠፋል» ይላሉ።

ቅርጹ አስፈላጊ መሆኑን እንቀበላለን። ቃላቱን የማያውቅ ተማሪ ከአማካሪው ጋር መነጋገር ይቸገራል፤ የሌሎችን ጥናትም አያነብም። ክርክራችን ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ጥያቄ ያለው ሰው ለጥያቄው የሚሆን መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያ ብቻ የያዘ ሰው ግን መሣሪያው የሚሠራለትን ጥያቄ ይፈልጋል። ባልደረባዬ ላይ የደረሰው ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለ ሰው ኃይል የተባለውንም በስሌት ማየት ይቻላል። ተማሪው አንዲት ገጽ ብቻ ጽፎ ቢያቀርብና አንድ አንባቢ ለእያንዳንዷ ገጽ ሃያ ደቂቃ ቢሰጥ፣ የሠላሳ ተማሪዎች ጽሑፍ በአሥር ሰዓት ይነበባል። ይህ ለአንድ አንባቢ የሁለት ቀን ሥራ እንኳ አይሞላም። በየክልሉ ባሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የጨረሱ፣ በምርምር ላይ ልምድ ያላቸው መምህራን አሉ፤ ይህን ሥራ ይሥሩ ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም።

የቀረቡ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩትን መነሻ በማድረግ የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ) ኮርሱ በትርጉም ሳይሆን በተማሪው ጥያቄ ይጀምር። ተማሪው በሥራው ላይ ያየውንና ያልገባውን አንድ ነገር በአንድ ገጽ፣ በሚያስተምርበት ቋንቋ ይጻፍ። ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው ጥያቄው ከጠራ በኋላ ይሁን።

ለ) ይህችን ገጽ ሰው ያንብባት። አንባቢው ሁለት ነገር ብቻ ይመልስ፤ «ይህን ለማወቅ ማንን መስማት፣ ምንን ማየት ይኖርብሃል?» የሚለውን እንደ ጥያቄ፣ ከኮርሱ ክፍሎች የትኛው እንደሚረዳው ደግሞ እንደ ምክር።

ሐ) የናሙናው ክፍል ቀመር ከመስጠቱ በፊት «ሁሉንም መጠየቅ ትችላለህን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቀመሩንም ከመነሻው ያብራራ።

መ) ስለ ትርጉም፣ ስለ ይሉኝታና በአለቃና በበታች መካከል ስለሚደረግ ቃለ መጠይቅ ራሱን የቻለ ክፍል ይዘጋጅ፤ ምሳሌዎቹም ከአገራችን ትምህርት ቤቶች የተወሰዱ ይሁኑ።

ሠ) ገለጻዎቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ወርደው ያለ መስመር የሚነበቡ የጽሑፍና የሚደመጡ የድምፅ ቅጂዎች ይኑሯቸው፤ የማስረከቢያው ቀጠሮም በየአካባቢው ሁኔታ የሚፈታ ይሁን። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍትና የኮምፒዩተር ክፍሎች ለአካባቢው ተማሪዎች የመገናኛ ጣቢያ ሆነው ያገልግሉ።

ረ) የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው የምርጫ ጥያቄ ስለተመለሰ ሳይሆን፣ ተማሪው አንዲት ትንሽ መረጃ በራሱ ሰብስቦ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ስለገለጸ ይሁን።

መደምደሚያ

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ እየበዙ ነው። የርእሶቻቸው ተመሳሳይነት፣ የመጠይቆቻቸው መመሳሰልና የመደምደሚያዎቻቸው መደጋገም ብዙ ጊዜ በተማሪው ስንፍና ይመካኛል። ይህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከረው ግን ሌላ ነው። ተማሪው ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ የምናስተምረው ዘዴ ነው የሚያስጥለው። የኢንተርኔቱ ኮርስ ይህን ጉዳት አልፈጠረውም፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ለብዙ ሺህ ሰዎች ሊያደርሰው የሚችል በመሆኑ ኃላፊነቱ ይከብዳል። በዚያው ልክ፣ ቢታረም ጥቅሙም የሚደርሰው ለብዙ ሺህ ነው።

ባልደረባዬ ከተወያየን በኋላ የጥናት ሐሳባቸውን ገና ለአማካሪያቸው አላቀረቡም። ባለፈው ሳምንት አንድ ትምህርት ቤት ሄደው፣ ፊደሎችን በቁራጭ ካርቶን ላይ አንድ በአንድ ጽፈውና ደባልቀው፣ አንዱን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከጎናቸው አስቀምጠው ሲያስነብቡ አረፈዱ። ልጁ «መ»ን ሲያይ ወዲያው አነበበ፤ «ሚ»ን ሲያይ ግን ከ«መ» ተነሥቶ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ ቆጥሮ ደረሰባት። ባልደረባዬ ይህን በማስታወሻቸው ላይ ጽፈውታል። አማካሪያቸው ይህን እንደ ምርምር ይቀበሉት እንደ ሆነ ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደሉም። ተማሪዋ በዚህ ነገር እርግጠኛ እንዲሆኑ ማድረግ የማሸጋገሪያው ኮርስ የመጀመሪያ ተግባር ሊሆን ይገባው ነበር እንላለን።